4ኛ ክፍል ምን እየተማሩ ነው? ደብተር ለምታገላብጡ ወላጆች

ልጃችሁ 4ኛ ክፍል ከሆነ ቦርሳው ውስጥ የሰባት ትምህርት ደብተር አለ። አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረ ገብ፣ የክዋኔና የእይታ ጥበባት፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃ የሚባለው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ነው። 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል።

እዚህ ምሥራቅ ጎጃም ሳስተምር ከወላጅ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቲቸር፣ ልጄ ስንተኛ ነው?» ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ደረጃ ልጁ ምን እንደቻለና የቱ ጋ እንደተያዘ አይናገርም። ስለዚህ ዛሬ በየትምህርቱ ምን እየተሠራ እንደሆነ ላብራራ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እስከ 3ኛ ክፍል ልጁ የሚማረው ንባብን ራሱን ነው። ከ4ኛ ጀምሮ ግን ሌላውን ትምህርት ሁሉ የሚያገኘው አንብቦ ነው። መጻሕፍቱ ረጅም አንቀጽ ይይዛሉ፤ መምህሩም «ገጽ 42ን አንብባችሁ ጥያቄውን ሥሩ» ማለት ይጀምራል። እዚህ ላይ የተያዘ ልጅ በአማርኛ ብቻ አይወድቅም፤ ሒሳቡም ሳይንሱም ተያይዞ ይሄዳል። ሰባቱ ደብተሮች የተሳሰሩት በዚህ ነው።

አማርኛ፤ መጥራትና መረዳት

ፊደላችን 33 ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ 7 ድምፅ። ሲባዛ 231። እንደ ሏ፣ ቧ፣ ኳ ያሉት ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ለሕፃን ብዙ ነው። ደግነቱ ፊደሉ አያታልልም። «መ» የትም ብትገባ «መ» ናት። ጎበዝ የ2ኛ ክፍል ልጅ ትርጉሙን የማያውቀውን ቃል እንኳ አሳምሮ መጥራት የሚችለው ለዚህ ነው።

ወላጅ የሚሸወደውም እዚሁ ላይ ነው። ልጁ ሲንበለበል ይሰማና «ልጄማ አንባቢ ሆነ» ይላል። መጥራት ግን መረዳት አይደለም።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እዩ። «አባቴ ገና አልመጣም።» «ገና በታኅሣሥ ወር ይከበራል።» ፊደሉ አንድ ነው። የመጀመሪያውን አላልተን፣ ሁለተኛውን አጥብቀን እናነባለን። በጽሑፋችን የማጥበቂያ ምልክት አንጠቀምም። ልጁ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ሐሳቡ ከገባው ብቻ ነው። በዓሉን አላልቶ አንብቦ ምንም ካልቆረቆረው፣ ፊደል እየጠራ ነው እንጂ እያነበበ አይደለም። ክፍል ውስጥ ልጆችን ጮክ ብለው እንዲያነቡ የምናደርገው ይህችን ለመስማት ጭምር ነው።

ፍጥነትም ጉዳይ ነው። የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ይዞ ሊያቆየው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ በእፍኙ ውሃ እንደሚያመላልስ ሰው ነው። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ፈስሷል። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ጉልበቱን ሁሉ ፊደል ለመለየት ስለጨረሰው ለሐሳቡ የቀረለት የለም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ነውና ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ዘሎ ቅኔ ቤት አይገባም። ግእዝ ንባብ አለ፣ ውርድ ንባብ አለ፣ ቁም ንባብ አለ። የኔታ አንዱ ሳይጠራ ወደ ሌላው አያሳልፉም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ልጁን በዕድሜውና በዓመቱ ያሳልፈዋል። ንባቡ ሳይጠራ 4ኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ የሚበዛው በዚህ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ተፈትኖ ነበር። ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሶው ያህሉ ከተሰጣቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ስለዚህ አሁን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የምንሠራው አንቀጽ ላይ ነው። ዋናው ሐሳብ የቱ ነው? ይህ አዲስ ቃል ከዙሪያው ካሉት ቃላት ሲታይ ምን ማለት ይሆናል? ጸሐፊው ያልተናገረው ግን እኛ የምናውቀው ነገር ምንድን ነው? እንቆቅልሽም ምሳሌያዊ አነጋገርም እናስገባለን። «ምን አውቅልህ» ያለ ልጅ ያልተነገረውን ከተነገረው ማውጣት ጀምሯል፤ አንቀጹም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሒሳብ፤ ክፍልፋይ የሚያስለቅሰው ለምንድን ነው?

ቁጥሩ በዚህ ክፍል ወደ ሚሊዮን ይሄዳል። እሱ ብዙም አያስቸግርም። አሥር፣ መቶ፣ ሺህ ቤት የገባው ልጅ ይከተላል። ማባዛቱና ማካፈሉም ልምምድ ነው። ልጆቼ የሚጨነቁት ክፍልፋይ ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምረን 4 ከ3 ይበልጣል ስንለው ኖረናል። አሁን ደግሞ 1/4 ከ1/3 ያንሳል እንለዋለን። ልጁ የያዘው ሕግ ተገለበጠበት። አብዛኛው ልጅ የላዩንና የታቹን ቁጥር እንደ አንድ መጠን ሳይሆን፣ በመስመር እንደተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ነው የሚያያቸው።

ደብተር ሳርም ደጋግሜ የማገኘው ይኸው፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደምሮታል። ኤክስ አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ግን ልጁን «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሽ ማለት 5/10 ነው። 2/5 ማለት 4/10 ነው። ግማሽ ይዞ ተነሣ፣ ሲሶ ጨመረበት፣ ከግማሽ በታች ደረሰ! ይህን ራሱ ሲያየው ፊቱ ላይ የሚታየው መገረም ከአሥር ኤክስ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ስንለውጣቸው፣ 3/6 እና 2/6 ሆነው 5/6 ሲመጣ፣ ሕጉን አይረሳውም።

የገጠር ልጆች እዚህ ላይ ያላቸውን ሀብት ብዙ ጊዜ አናውቅበትም። በጎጃም ቃዳ የሚባለው የመሬት ልክ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። 4 ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። «3 ቃዳ ከሄክታሩ ስንት እጅ ነው?» ስትሉት «ከአራት እጅ ሦስቱ» ይላችኋል፤ አያመነታም። ያው ልጅ ሰሌዳው ላይ 3/4 ሲያይ ይደነግጣል። ግማሽን፣ ሲሶንና ሩብን ከእርሻው፣ ከእህሉ፣ ከገበያው ያውቃቸዋል። ያልነገርነው ነገር ቢኖር ያ የሚያውቀውና ይህ የተጻፈው አንድ መሆናቸውን ነው።

አሁን ወደ ንባብ የሚመልሰን ነገር። የቃላት ጥያቄ እንስጥ።

«አንድ ገበሬ 3 ኩንታል ጤፍ ነበረው። 120 ኪሎ ሸጠ። ከቀረው ግማሹን ለቀለብ አስቀመጠ። ለቀለብ ያስቀመጠው ስንት ኪሎ ነው?»

መልሱ 90 ነው። 300 ሲቀነስ 120 ይሆናል 180፤ ግማሹ 90። ከልጆች የሚመጣው ግን 150 ወይም 60 ነው። 150 ያለው የ300ን ግማሽ ወሰደ። 60 ያለው የ120ን ግማሽ ወሰደ። ሁለቱም ማካፈል ይችላሉ! ያመለጣቸው «ከቀረው» የምትለዋ ቃል ናት። አንዳንዱ ደግሞ 3 ኩንታል 300 ኪሎ መሆኑን ጥያቄው ስላልነገረው ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሒሳብ አስጠኚ ቀጥራችሁለት የማባዛት ሠንጠረዥ ብታስሸመድዱት ገንዘባችሁ ነው የሚሄደው። ችግሩ ያለው አማርኛው ላይ ነው።

አካባቢ ሳይንስ፤ ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ

በጣም የምወደው ክፍለ ጊዜ ይህ ነው፤ መጽሐፉ የሚያወራው ነገር በመስኮት ስለሚታይ። ልጆቹ ከራሳቸው ቀበሌ ተነሥተው ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ አገር ይሰፋሉ። የአየር ንብረት፣ አፈር፣ ውሃ፣ ዕፅዋት፣ ካርታ አብረው ይመጣሉ።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚሉትን ቃላት ልጅ በቃሉ ሊይዛቸው ይችላል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ግን መሸምደድ አያስፈልግም። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ወንዙ ዳር ያለው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። የጮቄ ተራራ ጫፍ ደግሞ ወደ 4,100 ሜትር ይደርሳል። በአንድ ዞን ውስጥ የ3,000 ሜትር ልዩነት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ታዲያ ከሸለቆው እስከ ጮቄ ስንት ዲግሪ ይቀንሳል? 6.5 በ3 ሲባዛ 19.5። ሳይንስና ሒሳብ እዚህ ላይ ተገናኙ። ታች ማሽላ፣ መሐል ላይ ጤፍ፣ ላይ ገብስና ድንች የሚበቅሉበት ምክንያትም ከዚህች ስሌት ይወጣል። ሸለቆ ዳር ዘመድ ያለው ልጅ ማሽላውን፣ ጮቄ ሥር ዘመድ ያለው ልጅ ገብሱን ይዞ ይመጣል፤ ትምህርቱን እነሱ ይጨርሱታል።

ካርታ ደግሞ ራሱን የቻለ ንባብ ነው። ልጆቹን የዓባይን መስመር በጣታቸው እንዲከተሉ አደርጋለሁ። ግልገል ዓባይ ሰከላ ካለው ግሽ ዓባይ ተነሥቶ ጣና ይገባል። ዓባይ ከጣና ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ጢስ ዓባይን ያልፋል፤ ከዚያ ይዞርና ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ሱዳን ያቀናል። ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ አቅፎት ነው የሚሄደው። ይህን በጣቱ የተከተለ ልጅ አቅጣጫ መቼም አይጠፋበትም። ጣቱ በመጨረሻ ጉባ ላይ ይደርሳል። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደተመረቀ ያውቃሉ፤ ብዙዎቹ ከተጀመረ በኋላ የተወለዱ ናቸው።

መስፈርት የሚባለው ትንሽ ይከብዳል። ካርታው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 10 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በማስመሪያ ሲለካ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንድ ልጅ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ አዲስ አበባ እኮ 300 ኪሎ ሜትር ነው!» ትክክል ነው፤ በመንገድ 300 ያህል ነው። ታዲያ ካርታው ዋሸ? ማስመሪያው በቀጥታ ይለካል። መኪናው ግን ዓባይ በረሃ ሲደርስ እየተጠማዘዘ ወርዶ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ሌላውም መንገድ ቀጥ ያለ አይደለም። ይህን ያወቀ ልጅ መስፈርት ገብቶታል።

ወደ አፈር ስንመጣ ደግሞ ጥያቄው የክረምቱ ጎርፍ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወንዙ የሚደፈርሰው ለምንድን ነው? ልጆቹ «አፈር ስላለበት» ይላሉ። የማን አፈር? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የተራቆተ ዳገት ላይ የወረደ ዝናብ ወደ መሬት ከመስረጉ በፊት ይፈስሳል፤ ሲፈስስ ለም የሆነውን የላይኛውን አፈር ይዞ ይሄዳል። እርከን ውሃውን ያዘገየዋል፤ የዘገየ ውሃ ይሰርጋል። ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ አንዱ ላይ ባዶ አፈር፣ አንዱ ላይ ሣር ያለበት አፈር አድርጎ ከላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። የቱ ጠርቶ እንደሚወርድ ዓይናቸው ይፈርዳል። ቤት ውስጥም ሞክሩት፤ ወጪ የለውም።

እንግሊዝኛና የቀሩት

እንግሊዝኛ ላይ ልጁ የሚቸገረው ፊደሉ በዝቶበት አይደለም፤ 26 ብቻ ነው። ችግሩ ፊደሉ እንደኛው ታማኝ አለመሆኑ ነው። «ሲ» የምትባለዋ ፊደል ኬክ ላይ «ክ» ትላለች፣ ሲቲ ላይ «ስ» ትላለች። በአማርኛ የለመደውን ይዞ ሲሄድ ይሰናከላል። አሁን የምናተኩረው አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ሰምቶ መረዳት፣ ስለራስና ስለቤተሰብ መናገር፣ ቀላል አንቀጽ ማንበብ ላይ ነው። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ከቋንቋዎቹ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ጊዜው ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ሆኖም በአማርኛ አንቀጽ መረዳት ያልቻለ ልጅ በእንግሊዝኛ እንዲረዳ መጠበቅ አይገባም። አማርኛውን ስታጠናክሩ እንግሊዝኛውንም እየረዳችሁት ነው።

ግብረ ገብን ብዙ ወላጅ እንደ ትርፍ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የወደቀ እስክሪብቶ ያገኘ ልጅ ምን ያድርግ? ጓደኛህ ሲኮርጅ ብታይ ትናገራለህ? ልጆቹ ይከራከራሉ፤ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የሌላውን ቃል እስኪጨርስ መስማት ይለማመዳሉ። «ትናገራለህ? ለምን?» ተብሎ ሁለት ዓረፍተ ነገር የመለሰ ልጅ፣ አማርኛ ፈተና ላይ «ለምን» የሚለውን ጥያቄ አይዘልም።

ጥበባቱ ሥዕል፣ ሙዚቃና ድራማ ናቸው። ክራር ያመጣንላቸው ቀን ክሩ ሲጠብቅ ድምፁ እንደሚቀጥን በጆሯቸው ያገኙታል፤ ይህ ሳይንስ ነው። በሰውነት ማጎልመሻም ሮጠው የልብ ምታቸውን ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በ4 ያባዛሉ፤ የደቂቃውን ያገኛሉ።

ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ካላችሁ

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ህሊናዬን ይቆረቁረኛል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በዕድሜው 4ኛ ክፍል የሚገባ፣ ንባቡ ግን 2ኛ ክፍል የቀረ ልጅ በየቤቱ አለ። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ሰነፍ አትበሉት። የሚያስፈልገው የጎደለውን ለይቶ ከዚያ መጀመር ነው።

ለመለየት የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፉን አንሡ። ከዚህ በፊት ያላነበበውን አንድ አጭር አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። መጽሐፉን ዝጉና በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ከዚያ መልሱ አንቀጹ ውስጥ በቀጥታ ያልተጻፈ አንድ የ«ለምን» ጥያቄ ጠይቁት።

ንባቡ ላይ ፊደል እየለቀመ ከተንገዳገደ፣ ለጊዜው የ4ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ተዉት። የ2ኛ ክፍል መጽሐፍ ፈልጉና በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል አብራችሁት አንብቡ። በቀላል ጽሑፍ ላይ ፍጥነት ሲያገኝ ከባዱ ይቀልለዋል። አንብቦ መናገር ካቃተው ያንኑ አንቀጽ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያንብበው፤ ፊደሉ ሲለመድ ሐሳቡ ይወጣል። ተናግሮ «ለምን» ላይ ከቆመ ደግሞ የሚያስፈልገው ወሬ ነው። ስለ ገበያው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቁት፤ ምክንያት ይስጣችሁ።

ፊደል ያልቆጠራችሁ ወላጆችም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። ልጁ ያንብብላችሁ፣ ከዚያ ያስረዳችሁ። ነገሩ ለእናንተ ካልገባችሁ ለእሱም አልገባው ይሆናልና ደግሞ ያንብበው። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩን ስታገኙም ደረጃውን ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ልጄ የሚቸገረው መጥራት ላይ ነው፣ መረዳት ላይ ነው ወይስ ስሌቱ ላይ?